በሐጂ ግቢ ያነጠፍኩት የኮባ ቅጠል

የውይይት ቡድናችን ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ። ይህን ኃላፊነት የሰጡኝ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ እንጂ ትዝታዬ ስለሚታመን አይደለም። ሠላሳ ዓመት ያህል ታሪክ አስተምሬአለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩትም እርሱኑ ነው፤ ይሁንና የሌሎችን ዘመን አጥብቄ የያዝኩትን ያህል የራሴን አልያዝኩም። ባለቤቴ ስለ ሠርጋችን ቀን የምትናገረውና እኔ የማስታውሰው የሁለት የተለያዩ ጥንዶች ሠርግ ይመስላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ ከቃለ ጉባኤው የወሰድኩትን አንባቢ እንደ ጽሑፍ ይቀበለኝ፤ የቀረውን ግን አንድ ጡረተኛ እውነት ነው ብሎ እንደሚያምነው ነገር ብቻ ይያዝልኝ።

የምንሰበሰበው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት አንድ ሐጂ ናቸው፤ ከታች የጆንያና የገመድ መደብራቸው፣ ከላይ የእንጨት በረንዳ ያለው ሰፊ ክፍል አለ። ክፍሉ ክረምት ከበጋ ቃጫ ቃጫ ይሸታል። ሐጂ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ሲቀልዱ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ለምን ቤታቸውን እንደሰጡን ሲጠየቁ፣ «ልጆቼ ሁሉ አዲስ አበባ ገቡ፤ ቤት ውስጥ የሚጨቃጨቀኝ ሰው ጠፋ» ይላሉ። ቁጥራችን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ይደርሳል፤ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ አንድ ጠበቃና አንዲት ነርስ ይገኙበታል። በአፋን ኦሮሞ የተጀመረ ሐሳብ በአማርኛ ያልቃል፤ በአማርኛ የተጀመረ ሙግት በአፋን ኦሮሞ ይበርዳል። እኔ ሁሉንም በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

የተሰባሰብንበት ምክንያት ሲናገሩት ቀላል ነው። የከተማችን ታሪክ፣ በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞችም ታሪክ፣ ቡናውን የተከለውንና የሸጠውን ሰው ያነሣል፤ ማን ለቀመው፣ ማን ተሸክሞ አመጣው፣ የማን ቤት መንገድ ዳር ሆነ፣ የማን ደግሞ ከወንዙ ማዶ ቀረ የሚለውን ግን የሚነግረን አላገኘንም። ይህን የምናገኘው ከራሳችን ትዝታ ነው ብለን ጀመርን። ብዙም ሳንቆይ ግን ሁላችንም ያለፈውን ማሳመር እንደምንወድ ታወቀ። ያን ጊዜ ነበር ነርሷ አንድ ደንብ ያቀረበችው። ማንም ሰው ትዝታውን ተናግሮ ሲጨርስ፣ ሌላ ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት፣ ከተሰብሳቢው አንዱ «እዚያ ላይ ማን ተቀምጦ ነበር? ማንስ ቆሞ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ አለች። ጠበቃው ስለ አያቱ የቡና ለቀማ ማጠናቀቂያ ድግስ በደስታ ከተረከልን በኋላ ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት ብዙ አሰበ። «ለቃሚዎቹ ቆመው ነበር መሰለኝ» አለ በመጨረሻ፤ «በሩ ጋ። ዝናብም ነበር መሰለኝ።» ቃለ ጉባኤው ላይ «ዝናብም ነበር» ብዬ ጽፌዋለሁ።

የእኔ ተራ የደረሰው አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ሳለሁ የምንኖረው ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ የቡና ከተማ ውስጥ ነበር። አባቴ ከሸዋ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። የአያቴ ተዝካር በተደገሰ ዕለት የሆነውን ለቡድኑ ተረክሁ። ከቤታችን ጓሮ አንድ ዋንዛ ነበር፤ በዋንዛው ሥር ሰፊ የኮባ ቅጠል ተዘርግቶ፣ በቅጠሉ ላይ እንጀራና ወጥ ቀርቦ፣ እኔና ለድግሱ ድስትና ማሰሮ ያመጡ የሸክላ ሠሪዎች ልጆች አብረን እንበላለን። ወጡ በቅጠሉ መሐል አጥንት ላይ እንደ ቦይ ውሃ ይወርዳል፤ ከቅጠሉ ጫፍ ከመፍሰሱ በፊት በእንጀራ ለመቅደም እንሽቀዳደማለን። አንዲት ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል ልጅ ሁልጊዜ ትቀድመኛለች። ይህን ለተማሪዎቼ፣ ለልጆቼ፣ ለባለቤቴም ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። ለቡድኑ ስነግርም መደምደሚያዬ ያው የተለመደው ነበር፦ ያኔ ልጅ ከልጅ፣ ቤት ከቤት አይለይም ነበር አልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር፤ ወዲያው የዐሱር ሶላት አዛን ተሰማና ሐጂ ተነሡ፤ ሌላውም ተበተነ። የነርሷን ጥያቄ ያን ቀን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ስለ ነርሷ ጥቂት መናገር አለብኝ። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ተወልዳ ያደገችው ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ነው፤ ይህንንም ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ራሷን ስታስተዋውቅ፣ የመሥሪያ ቤቷን ስም እንደምትናገር አድርጋ ተናግራዋለች። እናቷ በከተማው ዳር ካለው ከቦሳ ኪቶ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር እስከ ዛሬ ሸክላ ይሠራሉ። አርባ ዓመት በጀርባቸው ማሰሮ ተሸክመው ከገበያ ገበያ፣ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ በከተማው ሰው ቤት ውስጥ አንድ ቀን ተቀምጠው አያውቁም። «እናቴ ሄርማታን የምታውቃት በጓሮ በኩል ነው» ትለን ነበር ልጃቸው። የነርሷ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ እናቷ በሕይወት ሳሉ ከእኛ ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጠው የሚያውቁትን እንዲናገሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለመነቻቸው። ባለፈው የካቲት፣ የቡናው ግርግር ካለቀ በኋላ፣ እሺ አሉ።

«ሁለት ነገር ጠይቃለች» አለችን ነርሷ፤ «ወንበር ካለ፣ ደግሞም ማንም ካልቸኮለ።»

«ወንበር?» አሉ ሐጂ፤ «የመደብሬን ወንበር ሁሉ ግቢ አወርዳለሁ። ካነሰም መምህር ቆሞ ይበላል።»

ነርሷ አብራን ሳቀች፤ ከዚያም ሳቋን ዋጥ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «ቃል ሰጥቻታለሁ። እንደማንኛውም እንግዳ ትስተናገጃለሽ፣ እነዚህ እንደ በፊቶቹ አይደሉም ብያታለሁ። በዚህ ካሳፈራችሁኝ ሁለተኛ አታምነኝም።»

ምግቡን የሐጂ ቤት ሴቶች ሊሠሩ፣ አቀራረቡን እኔ ላዘጋጅ ተስማማን። አሁን ሳስበው ማንም እንዳደርገው አላዘዘኝም፤ ራሴ ነኝ ፈልጌ የወሰድኩት። የከተማችን የባህል ምግብ ቤቶች ዛሬ ዛሬ ምግብን ከሥሩ የኮባ ቅጠል አንጥፈው ያቀርባሉ፤ ለዓይን ያምራል፤ ለእኔ ደግሞ ዋንዛው ሥር የነበረውን ከሰዓት ያስታውሰኛል። ሁላችንም፣ ሐጂም ሳይቀሩ፣ በእኩል ቅጠል ላይ ብንበላ ከዚህ የተሻለ የመቀራረብ ምልክት የት ይገኛል አልኩ በልቤ። ማለዳ ገበያ ወርጄ ለዳቦ ጋጋሪዎች ቅጠል ከሚሸጡ ሴቶች ዘንድ ያልተቀደዱ ቅጠሎች መርጬ ገዛሁ። እንዳይሰበሩ በእሳት ለብለብ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጌ፣ በመቀስ አስተካክዬ ቆረጥኳቸው። የቤቱ ሴቶች ሳህን ደርድረው ነበር፤ አያስፈልግም ብዬ አስመለስኩት። ሐጂ በዚያ ሰዓት መስጊድ ነበሩ።

እናትየው ከልጃቸው ጋር በእግር መጡ። ረዘም ያሉ፣ ቀጭን፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሠሩ ሴት ናቸው፤ የተጫሙት አዲስ ጫማ ገና እግራቸውን አልለመደውም። በሩ ላይ ቆሙና «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ፤ ድምፃቸው ከጠበቅሁት በላይ ጠንካራ ነበር። ሐጂ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ኮቱ አዮ፣ ኮቱ» እያሉ፣ ይምጡ እናቴ እያሉ ማለት ነው፣ እጃቸውን ይዘው ወደ መካከለኛው ወንበር ወሰዷቸው። ሴትዮዋ ተቀመጡ። የወንበሩን መደገፊያ በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ደባበሱት፤ የእንጨቱን ልስላሴ የሚመዝኑ ይመስሉ ነበር። ጠበቃው ማስታጠቢያ ይዞ ራሱ አስታጠባቸው። ነርሷ ከጎናቸው ቆማ ፊቷ በርቶ ነበር። በዚያን ጊዜ እኔ ጠረጴዛውን የሸፈነውን ጨርቅ ገለጥኩ፤ ምግቡ ገና አልቀረበም፣ በየሰው ፊት ቅጠሉ ብቻ ተነጥፎ ነበር።

አዩት። ውሃው ያልደረቀ እጃቸው ከቅጠሉ በላይ ቆመ። ለልጃቸው ዝቅ ባለ ድምፅ በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቃሉን ሰምቼዋለሁ፣ ነገሩ ግን አልገባኝም፦ «ይሄንንም እዚህ አመጡት?» ነበር ያሉት። ከዚያ በፊታቸው የነበረውን ቅጠል በመሐል አጥንቱ በኩል ሁለት አጠፉት፤ ደግመው አጠፉት፤ ዝቅ ብለው ከወንበሩ እግር አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጡት። ቁጣ የሚባል ነገር አላየሁባቸውም።

«እጄን ታጥቤአለሁ፤ ይበቃኛል። አላህ ይስጣችሁ» አሉና ተነሡ።

ከሁላችንም ቀድመው የገባቸው ሐጂ ናቸው። በሁለት እጃቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ያ ረቢ፣ ምን አደረግን!» ሲሉ እኔ አሁንም ሴትዮዋ ታመሙ እንዴ ብዬ ወንበር እያስተካከልኩ ነበር።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ቅጠሉን ማን ነው ያመጣው?»

«እኔ ነኝ። ምነው? አመማቸው?»

«እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በየድግሱ፣ በየለቅሶው የተሰጣት በቅጠል ነው» አለችኝ፤ ድምፅዋ ለታካሚ ውጤት የምታነብ ይመስል ነበር። «የነካችው ሳህን ይሰበራል ወይም ይጣላል። ሳህን እንዳይባክን ቅጠል ይሰጧታል። ከአጥር ውጪ።» ይህን ብላ እናቷን ተከትላ ወጣች።

አላውቅም ነበር ብል በቀለለኝ። ግን አውቃለሁ። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ብረት ቀጥቃጩ በዚህ አገር እንዴት ከማዕድ ይለይ እንደነበር አስተምሬአለሁ፤ ተማሪዎቼ የጻፉትንም አርሜያለሁ፤ «ቅጠል» የሚለውን ቃል በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት ሊሆን ይችላል። ያ ዕውቀት የምሠራበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ዋንዛው ሥር ያለው ልጅ ደግሞ ቤቴ ተቀምጦ፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንዴ እንኳ ሳላገናኛቸው ኖሬያለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነርሷ አልመጣችም። ጠበቃው ሊያጽናናኝ ፈለገ መሰለኝ፣ «ሁላችንም እኮ ቅጠል ነው የተነጠፈልን። ሐጂም፣ እኔም። ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?» አለ።

«አንተማ ቤትህ ሳህን ሞልቶ ነው ቅጠል ያማረህ» አሉት ሐጂ። ያን ዕለት አልቀለዱም፤ የሳቀም አልነበረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ በዚያ ዝናብ ጊዜ የነገርከን የልጅነት ቅጠል አለ። ያኔ ለሶላት ቸኩዬ ሳልጠይቅህ ሄድኩ። እዚያ ላይ ማን ተቀምጦ፣ ማን ቆሞ ነበር?»

መልስ ፈለግሁ። ዋንዛው አለ፤ ቅጠሉ አለ፤ የሚወርደው ወጥ አለ። ነገር ግን ዋንዛው ከአጥሩ ወዲህ ይሁን ወዲያ ማስታወስ አቃተኝ። እናቴ የት ነበረች? ከቅጠሉ ዳር የማስታውሰው የልጆቹን እጅ ነው፤ የራሴን እጅ ግን አላየውም። እየበላሁ ነበር ወይስ ቆሜ አያለሁ? ወይስ፣ ይህ ሐሳብ ሲመጣብኝ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጥኩ፣ ቅጠሉን ተሸክሜ ከቤት ያወጣሁት ልጅ እኔው ነበርኩ?

«አላውቅም፣ ሐጂ» አልኩ።

«እሺ። ነርሷስ በዚያ የዝናብ ቀን ነበረች?»

«አልነበረችም። ብትኖር ትናገር ነበር።»

«ነበረች። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ነበር።»

መዝገቡን ከፈትኩ። የዚያን ቀን የተገኙትን ሰዎች ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። ስለ ራሴ ቅጠል አንድ ገጽ ተኩል ጽፌአለሁ፤ የማን ጆሮ እንደሰማው ግን የለም። ማታውን ደወልኩላት።

«ነበርኩ» አለች።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«በጣም ደስ ብሎዎት ነበር የሚያወሩት።»

ይቅርታ ልጠይቅ እናትየው ዘንድ መሄድ እችል እንደሆነ ጠየቅኋት። «ይሂዱ» አለች፤ «እኔ ግን አብሬዎት አልሄድም። ሁለተኛ ሰው ይዤባት አልገባም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰላምታ በስተቀር ያነጋገረችኝ የለም። እርስዎ የሚያገኙት ይቅርታ የእርስዎ ነው፤ የእኔን ራሴ እፈልጋለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት በባጃጅ እስከ ቦሳ ኪቶ መጨረሻ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው። ሴትዮዋ ከቤታቸው ጣራ ክፈፍ ሥር ተቀምጠው፣ ግማሹ የቆመ ማሰሮ በቅል ስባሪ እያለሰለሱ ነበር። አልተነሡም፤ እኔም እንዲነሡ አልፈለግሁም።

«ወንበር የለኝም» አሉ፤ «እዚያ ድንጋዩ ላይ።»

ተቀመጥኩና ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ።

«ቅጠሉን ያመጣኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አዮ።»

«ከገበያ መርጠህ?»

«መርጬ።»

«አየሁት። ደህና ቅጠል ነበር፤ ያልተቀደደ።» የማሰሮውን አፍ በአውራ ጣታቸው ዞሩት። «ለኛ የሚሰጡን የተቀደደውን ነበር። ወጡ እግርህ ላይ ይፈስሳል።»

ይቅርታዬን አስቀድሜ አዘጋጅቼው ሄጄ ነበር፤ በሚገባ የተገነባ፣ መግቢያና መደምደሚያ ያለው ንግግር ነበር። ይህን ከሰማሁ በኋላ የቀረልኝ «ይቅር ይበሉኝ» የሚለው ብቻ ሆነ። አላህ ይቅር ይበልህ አሉ። በሰዎች መካከል ስለሚደረገው ይቅርታ ግን ምንም አልተናገሩም፤ እኔም አልገፋሁም። ይልቅ ለዓመታት የተሸከምኩትን ነገርኳቸው፤ ዋንዛውን፣ ተዝካሩን፣ ሁልጊዜ የምትቀድመኝን ልጅ። የሄድኩት ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር፤ ስናገር ግን ምስክር ፍለጋም መሄዴ ታወቀኝ።

«የልብስ ሰፊው ቤት ነው ያልከው?» አሉ። «የትኛው ልብስ ሰፊ? ሁሉም ቤት አጥር ነበረው። ልጅም በየአጥሩ ነበር። አንተን አላውቅህም።»

«ከልጆቻችሁ ጋር የበላሁ ይመስለኛል።»

ሥራቸውን አቁመው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩኝ። «በልተህ ይሆናል። ልጅ የሰው ነገር ያምረዋል። እናትህ አይታህ ቢሆን ኖሮ ግን አለንጋውን ታስታውሰው ነበር።» ከዚያ ሳቁ፤ አጭር፣ ከደረት የሚወጣ ሳቅ። «አለንጋ ታስታውሳለህ?»

«አላስታውስም።»

«እንግዲያው ወይ አልበላህም፣ ወይ አላየችህም። እኔ ላንተ መምረጥ አልችልም፣ ልጄ።»

እስከ ዛሬም ከዚህ የተሻለ አልደረስኩበትም።

ልነሣ ስል ነበር የመጣሁበትን ነገር የለወጠው ንግግር የመጣው። «ልጄ ስለ ቅጠል እንድነግራችሁ ትፈልጋለች» አሉ። «እናንተም ስለዚያው ነው የጠራችሁኝ። ስለዚያ አልናገርም። በሰው ፊት ሁለተኛ አልበላውም። ስለ አፈሩ ከሆነ ግን እናገራለሁ።»

ምን አፈር እንደሆነ ጠየቅሁ። ከሰፈራቸው በታች፣ ከጅረቱ ዳር፣ እርሳቸውና ጎረቤቶቻቸው የሸክላ ጭቃ የሚያወጡበት ሜዳ አለ። ባለፈው ኅዳር አንድ የቡና ነጋዴ የቡና ማድረቂያ አልጋ ልሠራበት ነው ብሎ አጠረው። ባዶ መሬት ነው፣ ማንም አይሠራበትም ብሎ አስመዝግቦታል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ጭቃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ፤ የሚያገኙትም አሸዋ የበዛበትና በእሳት የሚሰነጠቅ ነው። እየለሰለሰ የነበረውን ማሰሮ ወደ እኔ አዘነበሉት፤ ከአንገቱ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። «ይሄም አይድንም» አሉ። «እናንተ ትጽፋላችሁ ይባላል። የማን እንደነበረ የጻፈ ሰው የለም። ኑና ጻፉ።»

ለሐጂ ስነግራቸው የነጋዴውን ማንነት ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሰውየው ከእርሳቸው መስጊድ ነው፤ ጁምዓ ዕለት ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ፤ ጆንያም የሚወስደው ከእርሳቸው መደብር ነው። መልሳቸውን ስጠብቅ መቁጠሪያቸውን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» አሉ።

ስምንት ሰዎች ሆነን ሄድን፤ ሴትዮዋ አጥሩ ጋ ጠበቁን። አጥሩ የባሕር ዛፍ ቋሚና እሾህማ ሽቦ ነው፤ ከውስጥ የማድረቂያ አልጋዎቹ ተደርድረዋል፤ ወቅቱ አልፎ ባዶ ነበሩ። ጥበቃው በአሥር እርምጃ ርቀት ቆመና ምን ፈልገን እንደሆነ ጠየቀ። «ልናይ ነው፤ ማየት ተከለከለ እንዴ ያ ነማ፣ አንተ ሰው?» አሉት ሐጂ፤ ሐጂ መሆናቸውን ሲለይ ኮፍያውን አወለቀ። ጠበቃው ያን ዕለት ሌላ ሰው ነበር፤ ድንበሩ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ከሴትዮዋ ሌላ ማን ጭቃ ያወጣ እንደነበር፣ ሲታጠር ማን እንደተቃወመ በትዕግሥት ጠየቀ። ነርሷ ዘግይታ፣ ከሥራ እንደወጣች፣ ነጭ ጋውኗን በክንዷ ይዛ መጣች። ከእናቷ ራቅ ብላ ቆመች። ማንም አልጠራትም፤ እኔም ድፍረቱ አልነበረኝም።

ሴትዮዋ በአጥሩ ውስጥ እጃቸውን አሻግረው ከመሬቱ ቆንጠር አደረጉ። በጣቶቻቸው መካከል አሹት፤ በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱት፤ ወዲያ ተፉት። «ይሄ ነው» አሉ። ጭቃውን የሚያወጡት ክንድ እስከ ትከሻ ሲገባ ከሚገኘው ጥቁር ንብርብር መሆኑን፣ እናታቸውም ከዚሁ ያወጡ እንደነበር፣ በሬ እንዳይወድቅበት ጉድጓዱን በየዓመቱ መልሰው ይደፍኑት እንደነበር ተናገሩ። ባዶ ሜዳ የመሰለው መልሰው ስለሚደፍኑት ነው። ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «ምን እዚያ ያቆምሻል? ስልኩን አስጠጊው፣ ድምፄ ይያዝ» አሉ። ነርሷ ቀረበች። ስልኩን ስትዘረጋ እናትየው ክንዷን ከሥር ደግፈው ያዙላት።

ጥቂት እንደተናገሩ አስቆሙኝና የጻፍኩትን እንዳነብላቸው ጠየቁ። አነበብኩ፦ «በጅረቱ ዳር ያለው ሜዳ፣ የአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች ድሮ ጭቃ ያወጡበት የነበረ ቦታ...»

«ቁም» አሉ። «ድሮ ያለህ ማነው? ባለፈው ጥቅምት ነው። ያወጣሁትም እኔ ነኝ።»

ሐጂ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሴትዮዋ ግን አልሳቁም፤ እስክሪብቶዬን እያዩ ነበር። የጻፍኩትን ሰረዝኩ። ባለፈው ጥቅምት ብዬ ጻፍኩ፤ ያወጡትም እርሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ ጻፍኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ፤ ከዚያ ካቆሙበት ቀጠሉ።